አሮጌ ጣቢያ እንዴት ገበያ ይሆናል?

ሞጆ ወይም አዋሽ ላይ አውቶቡስ ሲቆም ያየ ሰው የጣቢያና የገበያን ዝምድና ማንም እንዲያስረዳው አያስፈልገውም። ጎማው ገና ሳይቆም ብርቱካን፣ ቆሎና የታሸገ ውሃ የያዙ ሻጮች መስኮቱ ሥር ደርሰዋል። ሰው የሚያልፍበት ቦታ ገበያ ይጠራል። ታዲያ ይህ ዝምድና ተገልብጦም ይሠራል ወይ? መንገደኛው ቀርቶ፣ ባቡሩ ወይም ጀልባው ሌላ መስመር ይዞ፣ ትልቁ የጣቢያ ሕንፃ ኦናውን ሲቀር ገበያ መልሶ ሊያቆመው ይችላል?

በብዙ ከተሞች ችሏል። የተቻለበት መንገድ ግን አብዛኛው ሰው እንደሚገምተው አይደለም። በተለምዶ የሚታሰበው ቀድሞ ሕንፃው ይታደሳል፣ ይመረቃል፣ ከዚያ ነጋዴው ይገባል፣ ገዢውም ይከተላል ተብሎ ነው። የተሳካላቸውን ቀረብ ብለን ስናይ ግን ገበያው ቀድሞ ተገኝቶ እድሳቱ ከኋላ ሲመጣ እናገኛለን። ይህን ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው የሳን ፍራንሲስኮው ፌሪ ቢልዲንግ ስለሆነ የዚህ ጽሑፍ አብዛኛው ክፍል የእሱ ታሪክ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ሳን ፍራንሲስኮ በሦስት ጎኗ ውሃ የከበባት ከተማ ናት። ድልድይ ባልነበረበት ዘመን ከምሥራቅ አሜሪካ በባቡር የሚመጣ መንገደኛ ሐዲዱ የሚያልቅበት ከባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ ኦክላንድ ላይ ነበር። ቀሪውን በጀልባ ይሻገርና ማርኬት የተባለው ዋና ጎዳና ግርጌ ላይ ይወርዳል። ይህን ሁሉ ሕዝብ እንዲያስተናግድ የተሠራው ፌሪ ቢልዲንግ በ1898 ተከፈተ። ንድፉን ያወጣው አርክቴክት ኤ. ፔጅ ብራውን ግን ፍጻሜውን አላየም፤ በ1896 ሞቷል። ሕንፃው ርዝመቱ 200 ሜትር ያህል ነው። መሐሉ ላይ የቆመው የሰዓት ማማ 75 ሜትር ግድም ይደርሳል፤ አርአያ የሆነውም በስፔን፣ ሴቪያ ከተማ ያለው የካቴድራሉ ደወል ቤት ነው። ሁሉም ያረፈው በባሕሩ ጭቃ ውስጥ በተተከሉ ከ5 ሺህ በሚበልጡ የእንጨት ምሰሶዎች ላይ ነው።

ስለ አሠራሩ አንድ ነገር እዚህ ላይ መያዝ ያስፈልጋል፤ ኋላ እንመለስበታለን። መንገደኛው የሚመላለሰው በላይኛው ፎቅ ነበር። እዚያ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚዘልቅ፣ ከጣሪያው መስታወት ብርሃን የሚወርድበት፣ ግራና ቀኙ ቅስት የተደረደረበት፣ ወለሉ በሞዛይክ የተነጠፈ ረጅም አዳራሽ አለ። ምድር ቤቱ ግን የሻንጣ፣ የፖስታና የጭነት ነበር። ያማረው ሁሉ ላይ ነው፤ ሸክሙ ሁሉ ታች።

ኤፕሪል 18 ቀን 1906 ንጋት ላይ ከተማዋን ያወደመው የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመታ ማማው ጉዳት ደረሰበት እንጂ አልወደቀም። ከተማዋ በእሳት ስትጋይ እጅግ ብዙ ሕዝብ ያመለጠው ከዚሁ ሕንፃ በሚነሱ ጀልባዎች ወደ ኦክላንድ በመሻገር ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ በቀን እስከ 50 ሺህ ሰው ያስተናግድ ነበር፤ በዓለም ከለንደኑ ቻሪንግ ክሮስ ጣቢያ ቀጥሎ ብዙ ሕዝብ የሚያልፍበት ነው ይባልለት ነበር።

ከዚያ ድልድዮቹ መጡ። ቤይ ብሪጅ በኅዳር 1936፣ ጎልደን ጌት በግንቦት 1937 ተከፈቱ። ከ1939 ጀምሮ በቤይ ብሪጅ ታችኛው ወለል ላይ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲሮጥ ለጀልባው የቀረለት መንገደኛ ጥቂት ነበር፤ የመጨረሻው የኦክላንድ ጀልባ በ1958 ቆመ። በውስጥ ደግሞ ረጅሙ አዳራሽ በግድግዳ እየተከፋፈለ ቢሮ ሆነ፣ ኮርኒስ ዝቅ ብሎ ተመታበት፣ የጣሪያው ብርሃን ጠፋ። ይህ አልበቃ ብሎ በ1959 ባለሁለት ፎቅ የመኪና አውራ ጎዳና ልክ በሕንፃው ፊት ተዘረጋ። ከማርኬት ጎዳና ወደ ባሕሩ ለሚመለከት ሰው የኮንክሪት ምሰሶና ከበላዩ የሚግተለተል መኪና ብቻ ቀረ። ማማው ከአውራ ጎዳናው በላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ ለሠላሳ ዓመት ኖረ።

ኦክቶበር 17 ቀን 1989 ሌላ የመሬት መንቀጥቀጥ መጣ። የቤይ ብሪጅ አንድ ክፍል ተደርምሶ ድልድዩ ለአንድ ወር ያህል ተዘጋ፤ የኦክላንድ ሰው እንደ አያቶቹ ዘመን በጀልባ ተሻገረ። የባሕር ዳሩ አውራ ጎዳናም ስለተጎዳ ተዘጋ። ይጠገን ወይስ ይፍረስ የሚለው ክርክር መራር ነበር። የቻይናታውን ነጋዴዎች መንገዱ ደንበኛ የሚያመጣልን ነውና ይጠገን አሉ፤ ስጋታቸውም ከንቱ አልነበረም። ከንቲባው አርት አግኖስ እንዲፈርስ ታገለ፣ በ1991 መፍረስ ተጀመረ፣ በዚያው ዓመትም አግኖስ ምርጫ ተሸነፈ። ከንቲባዎች ዘወትር የሚመሰገኑት ባስመረቁት ነው። በእኔ ግምት ይህ ሰው መመስገን ያለበት ባስፈረሰው ነው፤ ሕንፃው ከከተማው ጋር ዳግም ባይገናኝ ኖሮ ምንም ዓይነት እድሳት ገበያ አያደርገውም ነበርና።

ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በ1992፣ የአውራ ጎዳናው ፍርስራሽ ከተነሳ ብዙም ሳይቆይ፣ ከሕንፃው ፊት ለፊት ባለው ገላጣ ቦታ ላይ ለአንድ ቀን የገበሬዎች ገበያ ተዘጋጀ። ከተማው ወደደው። በ1993 በየሳምንቱ የሚቆም ገበያ ሆነ፤ በ1994 ደግሞ ስለ ዘላቂ ግብርና የከተማውን ሰው የሚያስተምር ኩዌሳ የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት ተመሠረተ፤ ኋላም ገበያውን የሚያስተዳድረው እሱ ሆነ። ልብ በሉ፤ በዚህ ጊዜ ፌሪ ቢልዲንግ ገና ቢሮ ነው። ገበሬው የሚሸጠው ደጅ፣ ድንኳን ሥር፣ በባሕሩ ጉምና ነፋስ መካከል ነው። ሕንፃው ታድሶ በሩን የከፈተው በ2003 ሲሆን በመካከሉ አሥር ዓመት አለ።

እነዚያ አሥር ዓመታት ለወጉ ያህል የተጠበቁ አይደሉም። በየሳምንቱ የትኛው ሻጭ ጸንቶ እንደሚመጣና የትኛው በሁለተኛው ክረምት እንደሚቀር ታወቀ። ሰው ለአንድ ኪሎ ኮክ ምን ያህል ለመክፈል እንደሚፈቅድ፣ ጠዋት በስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ ዳቦ ከየት አይብ ከማን እንደሚፈልግ በጥናት ወረቀት ሳይሆን በእጅ በእጅ ተለየ። ሕንፃውን የሚያድሰው አልሚ ሥራ ሲጀምር ገበያ የመፍጠር ጣጣ አልነበረበትም፤ የቀረው ለነበረው ገበያ ጣሪያ መስጠት ነው። አሁን ገበሬዎቹ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፣ በሕንፃው ዙሪያ ይሸጣሉ፤ ቅዳሜ ትልቁ ነው።

እድሳቱ ራሱ ብዙ የሚያስተምር ነገር አለው። ላይኛው ፎቅ ላይ ያለው ውብ አዳራሽ ለገበያ አይመችም፤ ከመንገድ የሚገባ ሰው ሎሚ ለመግዛት ደረጃ አይወጣም። ምድር ቤቱ ለገበያ ይመቻል፣ ግን ጨለማ ነው፤ ሻንጣ ብርሃን አያስፈልገውም ነበር። አርክቴክቶቹ ያገኙት መፍትሔ የላይኛውን ወለል መቅደድ ነው። እያንዳንዳቸው 10 ሜትር ገደማ ስፋትና 45 ሜትር ገደማ ርዝመት ያላቸው ሁለት ክፍተቶች ተከፈቱ፤ የጣሪያው ብርሃን በእነርሱ በኩል ሁለት ፎቅ ሙሉ ወርዶ ምድር ቤቱን አበራው። ቅርስን ለማዳን ቅርስን መቁረጥ ለጥበቃ ባለሙያዎች ቀላል ውሳኔ አይደለም። ሆኖም ቢሮዎቹና ኮርኒሱ ተነሥተው የቀድሞው አዳራሽ ቅርጽ ከስንት ዘመን በኋላ ስለታየ፣ የተቆረጠው ከተመለሰው አንጻር ተመዝኖ ተፈቀደ። ሚዛኑ ትክክል ነበር ባይ ነኝ።

ለዓይን የማይታየው ሥራ ግን ከሚታየው ይበልጣል። ገበያ ውሃ ይፈልጋል፤ ዓሣና ሥጋ የሚሸጥበት ወለል በየቀኑ መታጠብና ውሃው መውረጃ ማግኘት አለበት። ማቀዝቀዣ ክፍል፣ የማብሰያ ጭስ ማውጫ፣ ዘይት ከፍሳሹ የሚለይበት ጉድጓድ፣ ቆሻሻ የሚከማችበት ስፍራ ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ የጭነት መኪና ከንጋት በፊት ተጠግቶ የሚያራግፍበት ቦታ ከሌለ ነጋዴው ትርፉን ለወዛደር ይገብራል። የጣቢያ ሕንፃዎች በዚህ በኩል ዕድለኞች ናቸው፤ ሲሠሩም ጀምሮ ብዙ ሰውና ከባድ ጭነት እንዲችሉ፣ በራቸው ሰፊ፣ ወለላቸው ጠንካራ ሆኖ ነው። ጣጣው አሮጌ ግድግዳ ውስጥ አንድ ቧንቧ ለማሳለፍ እንኳ ፈቃድ መጠየቁ ነው፤ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ጋር ሕንፃውን ለሚቀጥለው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጠናከር ነበረ።

ይህን ሁሉ ማን ከፈለው? አብዛኛው አንባቢ ገበያው የሚል ይመስለኛል። አይደለም። ሕንፃው የከተማው ወደብ አስተዳደር ንብረት ነው፤ ወደቡ ለረጅም ዘመን ለግል አልሚ አከራየው፣ አልሚውም 100 ሚሊዮን ዶላር ግድም አፈሰሰበት። በአሜሪካ ሕግ በቅርስነት የተመዘገበን ገቢ የሚያስገኝ ሕንፃ ደንቡን ጠብቆ የሚያድስ ሰው ከወጪው 20 በመቶ ያህሉን ከፌዴራል ግብሩ ላይ ይቀንሳል፤ ፌሪ ቢልዲንግ ከ1978 ጀምሮ የተመዘገበ ስለሆነ ይህ ጠቅሟል። ትልቁ ምስጢር ግን ፎቁ ላይ ነው። የገበያው ወለል 6 ሺህ ካሬ ሜትር ያህል ሲሆን በላይ ያሉት ቢሮዎች 16 ሺህ ካሬ ሜትር ያህል ናቸው። ባሕሩን እያዩ መሥራት የሚፈልጉ የሕግና የገንዘብ ድርጅቶች የሚከፍሉት ኪራይ ነው ታች ያለውን ዳቦ ጋጋሪ የተሸከመው። የዳቦ ጋጋሪው ሽታና ግርግር ደግሞ የቢሮውን ዋጋ ከፍ ያደርጋል። ቅዳሜ ጠዋት ገዝቶ የሚወጣ ሰው ይህን አያይም።

የገበያ ኪራይ እንዴት እንደሚሰላም ማወቅ ይጠቅማል። በእንዲህ ያሉ ገበያዎች የተለመደው ውል ሁለት ክፍል አለው፤ በየወሩ የማይቀር መነሻ ኪራይ፣ በላዩም ሽያጩ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ የሚታሰብ የመቶኛ ድርሻ። እንበል መነሻው 2,000 ዶላር፣ ጣራው 30,000 ዶላር፣ ድርሻው 6 በመቶ ነው። ነጋዴዋ በወሩ 40,000 ዶላር ብትሸጥ ከጣራው በላይ ባለው 10,000 ላይ 600 ዶላር ትጨምራለች፤ 20,000 ብትሸጥ ከመነሻው በቀር አትጨምርም። በዚህ ውል አከራዩም የሚጠቀመው ሻጯ ስትጠቀም ነው። ጠፍ በሆነው ወር አይሰብራትም፣ በደህናውም ሳትከፍል አታልፍም። መነሻውን ከፍ አድርጎ ድርሻውን የሚተው ውል ግን ትንሹን ነጋዴ በመጀመሪያው ዓመት ያስወጣዋል፤ ያኔ የሚቀረው ኪራዩን ከሌላ ቅርንጫፉ የሚሸፍን ትልቅ ኩባንያ ብቻ ነው።

ፌሪ ቢልዲንግ ሲከፈት የአካባቢው ትንንሽ አምራቾች እንዲገቡበት ተደረገ። የበርክሌዩ አክሚ ዳቦ ቤት፣ ካውገርል ክሪመሪ የተባለው አይብ ሠሪ፣ ሆግ አይላንድ የተባሉት የኦይስተር (የሚበላ ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ) አርቢዎች ከመጀመሪያዎቹ ነበሩ። ከቬትናም በልጅነቱ ተሰዶ የመጣው ቻርልስ ፋን ስላንትድ ዶር የተባለውን ምግብ ቤቱን ወደዚያ አዛወረ፤ ለዓመታት ከአገሪቱ ስመ ጥር ምግብ ቤቶች አንዱ ሆኖ ኖረ። በአካባቢው የገበሬ ገበያዎች ቡና እያፈላ የተነሳው የኦክላንዱ ብሉ ቦትልም እዚያ ሱቅ ከፈተ፤ ከሚቆላቸው ቡናዎች መካከል የእኛ አገር ቡና አለ። ይህ ትንሽ ቡና ቆይ አድጎ አድጎ በ2017 አብላጫ ድርሻውን ኔስሌ ገዛው። አንድ ገበያ ትንሹን አሳድጎ ለትልቁ አሳልፎ ሲሰጥ ተሳካለት ወይስ አልተሳካለትም? ሁለት ሰዎች ሁለት መልስ ይሰጡኛል፤ እኔም ቁርጥ ያለ መልስ የለኝም።

ቁርጥ ያለ መልስ ያለኝ በዋጋው ጉዳይ ነው። ፌሪ ቢልዲንግ ውድ ነው። ከምርጡ ዳቦ፣ ከአይቡና ከኦይስተሩ አጠገብ ሽንኩርትና ድንች ለሳምንት የሚሸምት የቤተሰብ ኃላፊ ብዙ አይታይም፤ ቱሪስት ግን ሞልቷል። ደጅ ያለው የገበሬዎች ገበያ ይህን ለማለዘብ ጥሯል። የመንግሥት የምግብ ድጎማ ካርድ የያዘ ሰው በካርዱ መግዛት ይችላል፤ ማርኬት ማች በተባለው የካሊፎርኒያ ፕሮግራም ደግሞ በካርዱ ካወጣው ጋር እኩል ገንዘብ እስከ ተወሰነ መጠን ለአትክልትና ፍራፍሬ መግዣ ይታከልለታል። ከኦክላንድ በጀልባ የሚመጣ ሰው ወርዶ በቀጥታ የሚያርፈው ገበያው ላይ ነው፤ በኦክላንዱ ቴሌግራፍ ጎዳና ዙሪያ ከሚኖሩት ወገኖቻችን ብዙዎቹ ይህን መንገድ ያውቁታል። ይሁንና ለሽሮ የሚሆነውን ቀይ ሽንኩርት ለመግዛት ማንም ባሕር አይሻገርም። በ2018 የሕንፃው የሊዝ መብት 291 ሚሊዮን ዶላር በሚደርስ ዋጋ ለአዲስ ባለሀብቶች መሸጡን ስናይ፣ እንደ ንብረት ምን ያህል እንደተዋጣለት ይገባናል። እንደ ሰፈር ገበያ ግን ግማሽ መንገድ ላይ የቀረ ነው።

ሌላውን ግማሽ ለማየት ወደ ፊላደልፊያ መሄድ ያስፈልጋል። እዚያም ማርኬት የሚባል ጎዳና አለ፤ ስሙ ለጌጥ አይደለም፣ በጎዳናው መሐል ለዘመናት ሲሸጥ ነበር። በ1850ዎቹ መጨረሻ ከተማው የመንገዱን ገበያ ሲያነሳ ነጋዴዎቹ በ12ኛው ጎዳና ላይ ቤት ውስጥ ገቡ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የፊላደልፊያና ሪዲንግ ባቡር ኩባንያ ትልቅ ጣቢያ ሊሠራ ያንኑ ቦታ መረጠ። ነጋዴዎቹ አንለቅም አሉ። ኩባንያው ማስወጣት ስላቃተው ሐዲዱን ከፍ አድርጎ ጣቢያውን በገበያው ላይ ሠራው። በ1893 ባቡሩ ከላይ ይገባል፣ ሥጋና ቅቤው ከታች ይሸጣል፤ ከገበያው በታች ደግሞ ሰፊ የማቀዝቀዣ መጋዘን ተቆፈረ። ባቡሩ ራሱ የገጠሩን ምርት ያመጣ ነበር፣ ገዢውንም ያመጣ ነበር።

የሪዲንግ ኩባንያ በ1971 ከሰረ፤ የመጨረሻው ባቡር በ1984 ወጣ። ከላይ ያለው ግዙፍ የብረት ጣሪያ በ1990ዎቹ የስብሰባ ማዕከል አካል ሆነ። ገበያው ግን ነጋዴዎቹ እየሸጡ ታደሰ፤ ከ1995 ጀምሮ የሚያስተዳድረው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ልዩነቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ቅርንጫፍ ያላቸው ሰንሰለታማ ሱቆች አይገቡም። ጥሬ ሥጋ፣ ዓሣና አትክልት የሚሸጠው የበሰለ ምግብ ከሚሸጠው ያነሰ ኪራይ ይከፍላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንድ ሳንድዊች ሻጭ በአንድ ካሬ ሜትር የሚያተርፈውን አትክልት ሻጭ በአምስትም አያተርፈውም፣ እኩል ኪራይ ከተጣለ አትክልቱ ይወጣል። ይህ ልዩነት ባይኖር ሰማንያ የሚያህሉት መደቦች ሁሉ ዛሬ ምሳ ቤት በሆኑ ነበር። በመሐል ማንም ገዝቶ የሚቀመጥባቸው የጋራ ጠረጴዛዎች አሉ፤ ዳኛውና የጽዳት ሠራተኛው ጎን ለጎን ይበሉባቸዋል። ከላንካስተር አውራጃ የሚመጡ፣ አሚሽ የተባለው የክርስቲያን ማኅበረሰብ ገበሬ ቤተሰቦች በልብሳቸው ተለይተው ቅቤ፣ ዶሮና ዳቦ ይሸጣሉ፤ ከእነርሱ የሚገዛው ብዙው ሰው ደግሞ ጥቁር አሜሪካዊ የከተማ ነዋሪ ነው። ሕንፃው እንደ ሳን ፍራንሲስኮው አያምርም፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ መተላለፊያው ጠባብ፣ መብራቱ ኒዮን ነው። ገበያ ምረጥ ብባል ግን ይህን እመርጣለሁ።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ በአጭሩ እንየው። በምዕራብ አምስተርዳም፣ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የተረፈ ትልቅ የኤሌክትሪክ ትራም ማደሪያ ነበር። ትራሞቹ ከወጡ በኋላ ለዓመታት ዕቅድ ሲወጣለትና ሲከሽፍ ቆየ፤ የሰፈሩ ሰዎች ግን አልተዉትም፣ የራሳቸውን ሐሳብ ይዘው ተከራከሩ። በ2014 ደ ሃለን በሚል ስም ሲከፈት በውስጡ የምግብ አዳራሽ ብቻ ሳይሆን የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት፣ ሲኒማና የብስክሌት መጠገኛ ነበረው። ሰው መጽሐፍ ለመመለስ የሚገባበት ገበያ ገንዘብ የሌለውንም ሰው ያስገባል፤ ይህ ሐሳብ ርካሽ ነው፣ ብዙ አልሚዎች ግን አያስቡትም።

ይህ ሁሉ ለእኛም ሩቅ ነገር አይደለም። የጅቡቲው ምድር ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። ዛሬ ለገሃር ላይ የምናየው ጣቢያ በ1929 ተመረቀ፤ ከፊቱ ሞዓ አንበሳ ቆሟል፣ ቸርችል ጎዳና ከማዘጋጃ ቤቱ ቁልቁል ወርዶ የሚያርፈውም እዚያው ነው። ማርኬት ጎዳና ፌሪ ቢልዲንግ ላይ እንደሚያርፈው ማለት ነው። በ2016 የተመረቀው አዲሱ ባቡር የሚነሳው ከከተማው ዳር፣ ከለቡ በኩል ስለሆነ የድሮው ጣቢያ ያለ ሥራ ቀርቷል። የሰው እግር ግን አልተለየውም፤ በ2015 የተከፈተው ቀላል ባቡር እዚያ ሰፈር ይቆማል፣ ታክሲውም አውቶቡሱም ያልፋል። ድሬዳዋ ደግሞ ከተማው ራሱ ከጣቢያው የተወለደ ነው። የነጋዴ ሴቶች ሸቀጥ ለስንት ዘመን በዚያ ባቡር ተጉዟል፤ ለእነዚህ ሕንፃዎች ገበያ እንግዳ አይሆንባቸውም።

እንዲህ ያሉ ሕንፃዎችን ስለማልማት በየጊዜው ሲወራ የሚቀርብልን በኮምፒውተር የተሣለ ምስል ነው፤ መስታወት፣ አረንጓዴ ዛፍ፣ ነጭ ወንበር ላይ ቡና የሚጠጡ ወጣቶች። ምስሉ ላይ ጉልት የለም። ሳን ፍራንሲስኮ አሥር ዓመት ሙሉ ደጅ ላይ እንዲሸጡ የፈቀደላቸውን፣ ፊላደልፊያም ማስወጣት ያቃታትን ሰዎች እኛ ገና ግንባታው ሳይጀመር ለቦታ ጽዳት ብለን እናነሳቸዋለን። ያኔ የሚታደሰው ሕንፃ ገበያውን ቀድሞ ያጣ ነው፤ በኋላ ነጋዴ ፍለጋ ማስታወቂያ ቢለጠፍ የሚመጣው ኪራዩን የሚችለው ብቻ ነው።

ስለዚህ አንድ ቀን ስለ ለገሃር፣ ስለ ድሬዳዋ ወይም በሰፈርዎ ስላለ አሮጌ አውቶቡስ ማደሪያ ዕቅድ ቀርቦ ለሕዝብ ውይይት ቢጠሩ፣ ምስሉን አይተው አይመለሱ። ዛሬ በቦታው ዙሪያ የሚሸጡት ስንት እንደሆኑና ስንቱ መደብ እንደሚሰጣቸው፣ በግንባታው ጊዜስ የት ቆመው እንደሚሸጡ ይጠይቁ። የጎመን ሻጯና የካፌው ኪራይ እኩል ነው ወይስ የተለያየ? ውሉ የስንት ዓመት ነው? መልሱ በጽሑፍ ይሁን ይበሉ።